የግቢው ውሻና የፀጉሩ ሒሳብ

ነጋዴ በዓመቱ መዝጊያ ንብረት ይቆጥራል። ሚዛኑ ይቆጠራል፤ ጆንያው ይቆጠራል፤ በመጋዘን ያለው ጤፍና ስንዴ በኩንታል ይመዘገባል፤ ለመኪናው የእርጅና ተቀናሽ ይያዝለታል። ይህን ሁሉ ሀብት ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ የሚያድረው ውሻ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ስሙ የሚነሳው ሲያስቸግር ብቻ ነው፦ ሰው ሲነክስ፣ የጎረቤት ዶሮ ሲበላ፣ ወይም ፀጉሩ እየረገፈ በነጭ ጋቢ ላይ ሲለጠፍና ለገዢ በተዘረጋ ጤፍ ውስጥ ሲገኝ።

የዛሬው ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ በመጨረሻው ላይ ነው። «ስለ ምንዛሪና ስለ እህል ዋጋ በሚጻፍበት ገጽ ላይ የውሻ ፀጉር ምን አመጣው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አይጠፋኝም። ነገሩ ወዲህ ነው። የግቢ ውሻ የሥራ መሣሪያ ነው፤ ማንኛውም መሣሪያ ጥገና ይፈልጋል፤ ጥገናውን የዘነጋ ነጋዴም ወጪውን በሌላ ስም መክፈሉ አይቀርም። አንዳንዴ በደንበኛ ማጣት፣ አንዳንዴ በሕክምና፣ አንዳንዴም በፍርድ ቤት ካሳ።

ለምሳሌ አማኑኤልን እንውሰድ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ይህች የማቻከል ወረዳ ከተማ ኑሮዋ ከደጋው እህል ጋር የተሳሰረ ነው። እንደ ብዙዎቹ የጎጃም የእህል ከተሞች ሁሉ በአማኑኤልም መጋዘኑና መኖሪያው በአንድ አጥር ውስጥ መሆኑ የተለመደ ነው። ውሻውም የሚተኛው እዚያው ከእህሉ ደጃፍ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሻ የሚያጥቡና የሚያበጥሩ ባለሙያዎች በክፍያ ይገኛሉ። የአማኑኤል ነጋዴ ግን ውሻውን ጭኖ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ አይችልም። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው በቤት ነው፤ ወይም ጨርሶ አይሠራም። በአብዛኛው የሚታየው ሁለተኛው ነው።

በበኩሌ የምለው ይህ ነው፦ ፀጉር መርገፉን ማስቆም አይቻልም፤ መሞከርም ገንዘብ ማባከን ነው። የሚቻለው የሚረግፈውን ቀድሞ በማበጠሪያ መሰብሰብና ከተፈጥሮ በላይ የሚረግፍበትን ምክንያት ለይቶ ማወቅ ነው። ይህ ደግሞ ከባለቤቱ የሚጠይቀው ካፒታል ሳይሆን ልማድ ነው።

ፀጉሩ ለምን ይረግፋል?

የውሻ ፀጉር ያድጋል፤ ያርፋል፤ ይረግፋል፤ በቦታው ሌላ ይበቅላል። በብዛት የሚያረግፉት ድርብ ፀጉር ያላቸው ዝርያዎች ናቸው። እነዚህ ከላይ ሻካራና ረዘም ያለ፣ ከሥር ደግሞ እንደ ጥጥ የለሰለሰና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር አላቸው። ባለሀብቶቻችን አብዝተው የሚወዱት ጀርመን ሸፐርድ የዚህ ዋና ምሳሌ ነው።

በትውልድ አገሩ ይህ ውሻ ፀጉሩን የሚለውጥበትን ወቅት ከሚያውቅባቸው ምልክቶች ዋነኛው የቀኑ ርዝመት ነው። በርሊን ላይ በሰኔ አጋማሽ ቀኑ ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል፤ በታኅሣሥ ከ8 ሰዓት ያንሳል። በጎጃም ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ እኛ ዘንድ የሚያድግ ጀርመን ሸፐርድ «አሁን ለውጥ» የሚል ግልጽ ምልክት ስለማያገኝ በሁለት ወቅት ፋንታ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ሊያረግፍ ይችላል። ያበሻው ውሻ በበኩሉ ፀጉሩ አጭር ነው፤ ይረግፋል፣ ነገር ግን በአብዛኛው ሲረግፍ ብዙም አይታወቅም።

ከዚህ የምናገኘው የገበያ ትምህርት አለ። ቡችላ ሲገዛ የሚታየው የመግዣ ዋጋው ብቻ ሊሆን አይገባም። ድርብ ፀጉር ያለው ውሻ በዕድሜው ሙሉ የማበጠሪያ ጊዜ፣ የተሻለ ምግብና ተጨማሪ ጽዳት ይጠይቃል። ደላላው «የዚህ ዝርያ ፀጉሩ አይረግፍም» ካለዎት አይመኑት፤ ፀጉር ኖሮት የማያረግፍ ውሻ የለም። ጥቂት ብቻ የሚያረግፉት እንደ ፑድል ያሉት ደግሞ ፀጉራቸው እያደገ ስለሚሄድ በየጊዜው መቀስ ይሻሉ። የአንዱን ወጪ ያመለጠ የሌላውን ይከፍላል። ይልቅስ ደላላውን የእናቲቱን የክትባት ካርድ ይጠይቁት።

ምግቡና ጾሙ

ፀጉር በአብዛኛው ፕሮቲን ነው። የእንስሳት ሐኪሞች እንደሚሉት ውሻ በቀን ከሚያስፈልገው ፕሮቲን እስከ 30 በመቶ የሚደርሰው ለቆዳውና ለፀጉሩ ሊውል ይችላል። ገቢው ሲቀንስ አካሉ እንደ ማንኛውም ብልህ ድርጅት ወጪ ይቀንሳል፤ ከልብና ከሳንባ ላይ ሳይሆን ከፀጉር ላይ። ፀጉሩ ይሳሳል፤ ይደርቃል፤ ከመጠን በላይ ይረግፋል።

አሁን የዓመቱን አቆጣጠር እንመልከት። የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ አጥንቱ ይጠፋል፤ ከማዕድ የሚተርፈው እንጀራና የጾም ወጥ ይሆናል። ውሻውም ሳይወድ በግድ ከቤተሰቡ ጋር ይጾማል። በዚህ ላይ የወጥ ትርፍራፊ ሌላ ጣጣ አለው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች የሚያፈርሱ መርዞች ናቸው። ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ ደግሞ እኛ ጋ ብርቅ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ቤተሰቡ ሲጾም ለውሻው ሽንኩርት፣ በርበሬና ጨው ያልገባበት የተቀቀለ ምስር ወይም ሽምብራ ከእንጀራ ጋር ለውሶ መስጠት ይቻላል። የጾም ሕግ ውሻን ስለማይመለከት የተቀቀለ እንቁላል ቢጨመርለትም ነውር የለበትም። ለፀጉሩ ልስላሴ የሚያስፈልገው ቅባትም ጎጃሜው በየማሳው የሚዘራው ነው። የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍል ውሻ ለቆዳው የግድ የሚፈልገው ሊኖሊክ የተባለው አሲድ ነው። ለትልቅ ውሻ አንድ የሻይ ማንኪያ የኑግ ዘይት በምግቡ ላይ ማድረግ ከውጭ አገር ከሚመጣ የታሸገ «የፀጉር ማሳመሪያ» የሚያንስ ሥራ አይሠራም። የተፈጨ ተልባም እንዲሁ ይረዳል። ለውጡ ግን በአንድ ሳምንት አይታይም፤ ፀጉር እስኪበቅል ሳምንታት ይፈጃል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላሳስብ። በበዓል ዕርድ ጊዜ የበጉን ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ መወርወር ልማድ ሆኗል። በዚህ መንገድ ውሻው የሚይዘው የኮሶ ዓይነት ትል እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና በፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፤ ከፀጉሩ ወደ ሰው እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይተላለፋል፤ ከዚያም በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። የዚህ ሕክምናው ቀዶ ጥገና ሊሆን ይችላል። ሳንባውን ቀቅሎ መስጠት የሚያስወጣው ግን የአንድ ድስት ማገዶ ነው።

እንዴት ይበጠር?

የሚያበጥረው ሰው ውሻው የሚያውቀውና የሚያበላው ይሁን፤ በአብዛኛው ዘበኛው ማለት ነው። ልጆች አይላኩ። ሥራው ከእህሉና ከወጥ ቤቱ ርቆ፣ ነፋስ ወደ መጋዘኑ በማይነፍስበት በኩል ይሠራ።

መሣሪያው ሦስት ነው። አንደኛ፣ የውስጡን ፀጉር የሚያወጣ ጥርሱ ሰፋ ያለ ማበጠሪያ። ከአዲስ አበባ ለውሻ የተሠራው ቢገኝ መልካም ነው፤ ካልተገኘ ጫፉ ያልሾለ የእንጨት ሚዶ ይሠራል። ሁለተኛ፣ የላላውን ፀጉር የሚሰበስብ ቡርሽ፤ ለፈረስ የሚያገለግለው ለዚህም ይሆናል። ሦስተኛ፣ እርጥብ ጨርቅ። ለአጭር ፀጉሩ ላበሻ ውሻ ቡርሹና ጨርቁ ብቻ ይበቃሉ።

በመጀመሪያ መላ አካሉን በእጅ መዳሰስ ነው። ቀጥሎ ከኋላ እግሩ ጀምሮ ወደ ፊት፣ ጥቂት ጥቂት ፀጉር በእጅ ከፈል እያደረጉ፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ማበጠር። ከጆሮው ጀርባ፣ ከብብቱና ከጭኑ ሥር ያለው የተቋጠረ ፀጉር በጣት ቀስ ተብሎ ይፈታ። ከቆዳው ጋር የተጣበቀውን ቋጠሮ በመቀስ ለመቁረጥ የሚጣደፍ ሰው ቆዳውን አብሮ ይቆርጣል፤ ያ ውሻም ሁለተኛ ማበጠሪያ አያስጠጋም። በመጨረሻ እርጥቡን ጨርቅ በላዩ ላይ ማሳለፍና የተሰበሰበውን ፀጉር መቅበር ነው። ከዚያ እጅን በሳሙና መታጠብ።

ስንት ጊዜ ይወስዳል? በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን 15 ደቂቃ እንበል። በሳምንት 45 ደቂቃ፣ በዓመት 39 ሰዓት ይሆናል። በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ሲሰላ አምስት ቀን አይሞላም። ቀን ቀን ያለ ሥራ ተቀምጦ ለሚውል ዘበኛ ይህ ከደመወዙ ላይ የሚጨምረው ሳንቲም የለም። ሌላው ቀርቶ ከእህሉ ውስጥ ፀጉር ለመልቀም ከሚጠፋው ጊዜ ጋር ቢነጻጸር እንኳ አትራፊ ነው።

ስለ ማጠብ ደግሞ፦ አዘውትሮ ማጠብ ፀጉሩን አያድነውም፤ ቆዳውን ያደርቀዋል። ካልቆሸሸ በቀር በሁለት በሦስት ወር አንዴ ይበቃል። መበጠሩ ከመታጠቡ ይቅደም፤ የተቋጠረ ፀጉር ውኃ ሲነካው ይብስ ይጠብቃልና። የልብስ ሳሙና ለውሻ ቆዳ በጣም ኃይለኛ ነው፤ ለውሻ የተዘጋጀ ሻምፖ ካልተገኘ ለስላሳ የሕፃናት ሳሙና ይሻላል። በአማኑኤል ደጋ በማለዳ ወይም በምሽት ውሻ ማጠብ በሽታ መጋበዝ ነው። ፀሐይ በጠነከረችበት ሰዓት፣ ለብ ባለ ውኃ፣ ሳሙናው ፈጽሞ እስኪለቅ ይታጠብና በአሮጌ ጋቢ ይደረቅ። በክረምት ዝናብ የራሰ ውሻም እንዲሁ ሊደርቅ ይገባዋል። ለቀናት እንደራሰ የሚቆይ ድርብ ፀጉር ሥሩ ይሻግታል።

እንዳይደረግ የምለው

ፀጉሩ ሲያስቸግር «እንደ በግ እንሸልተው» የሚሉ አሉ። ይህ ድርብ ፀጉር ላለው ውሻ ከሁሉ የከፋ ውሳኔ ነው። ፀጉሩ ከብርድ ብቻ ሳይሆን ከፀሐይም መከላከያው ነው። አንዴ ከሥሩ ከተላጨ ተመልሶ ለመብቀል ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ሲበቅልም እንደ ቀድሞው ላይሆን ይችላል። የመጋዘኑን ጣራ ቆርቆሮ አቧራ ያዘ ተብሎ እንደማይነቀል ሁሉ ይህም አይደረግም።

ሁለተኛው ስሕተት ቁንጫን በጎተራ መድኃኒት ማጥፋት ነው። ለነቀዝ ተብሎ የተገዛ ዱቄት በውሻ ላይ ሲነሰነስ ውሻው ፀጉሩን ሲልስ ይውጠዋል። ነጭ ጋዝና የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባትም ቆዳን ያቃጥላል፤ በምላሱም ወደ ሆዱ ይገባል። ደግሞም አብዛኛው የቁንጫ ዘር ያለው ውሻው ላይ ሳይሆን በሚተኛበት ቦታ ነው። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 50 እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ እንቁላሉም እየረገፈ በመኝታው ጆንያ ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ ጆንያውን በየሳምንቱ በፈላ ውኃ ማጠብና ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ መሬቱን መጥረግ፣ ለውሻው ደግሞ ከእንስሳት ሐኪም በክብደቱ ልክ የታዘዘ መድኃኒት መስጠት ነው። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት ሁሉ ለድመት እንደማይሆንም ይታወቅ፤ ፐርመትሪን ያለበት ድመትን ይገድላል።

ማበጠሪያው የሚያገኘው

የማበጠር ትልቁ ትርፍ ከፀጉሩ ይልቅ ምርመራው ላይ ነው። ኦዲተር መዝገብ ሲገልጥ ጉድለት እንደሚያገኝ ሁሉ በሳምንት ሦስት ጊዜ ውሻ የሚዳስስ እጅም መዥገሩን፣ ቁስሉን፣ ሰንሰለቱ የላጠውን አንገት ያገኛል። (በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት።) ፀጉሩ በመላ አካሉ እኩል እየረገፈ ቆዳው ጤናማ ከሆነ ተፈጥሮ ነው። የወለደች ውሻም ከወራት በኋላ ብዙ ብታረግፍ አያስደነግጥም። ክብ ክብ እየሆነ ከተመለጠ ግን ጭርት፣ እያሳከከ ጆሮውና ክርኑ ከተላጠ ደግሞ እከክ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ወደ ሰው ይጋባሉ፤ ሁለቱም ሐኪም ይሻሉ።

ከሁሉ በላይ ግን የእብድ ውሻ በሽታ አለ። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚገመት ሰው ይገድላል፤ አብዛኛው ሟች በአፍሪካና በእስያ ነው፤ ከመቶው 99ኙ የሚያዙት ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2030 በውሻ ምክንያት የሚመጣውን ሞት ለማስቀረት አቅደዋል። ለዚህም በየአካባቢው ከ100 ውሾች 70ዎቹ መከተብ አለባቸው። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን «የጋራ ጥቅም» ይለዋል። አንዱ ነጋዴ ሲያስከትብ ጎረቤቱ ሳይከፍል ይጠቀማል፤ ስለዚህም እያንዳንዱ «ሌላው ያስከትብ» እያለ ይጠብቃል፤ በመጨረሻም ማንም ሳያስከትብ ይቀራል። ገበያ ብቻውን የማይፈታው ነገር ይህ ነውና የከተማው ነጋዴዎች በጋራ ቀን ቆርጠው የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ቢጠሩ ወጪውም ይቀንሳል፣ 70ውም ይሞላል።

ጠባዩ ድንገት የተለወጠ ውሻ አይበጠር፤ አይነካም። ይዘጋበትና ሐኪም ይጠራ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሕጉም ከጤናው ያነሰ ጥብቅ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ እንስሳው ሳይታሰብ ከእጁ ያመለጠ ቢሆንም እንኳ። «ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነው» የሚል መከላከያ ከካሳ አያድንም። በየሁለት ቀኑ አንገቱ የሚታይ ውሻ ሰንሰለቱም አብሮ ይታያል።

ቅንጦት ነው የሚሉ

«ሕዝቡ ለራሱ ሳሙና በተቸገረበት አገር ውሻ ማበጠር የሀብታም ጨዋታ ነው» የሚል ክርክር እሰማለሁ። በሥዕል ያጌጠ የውሻ ልብስ ስለ መግዛት ብንነጋገር ኖሮ በተስማማሁ። እዚህ የተነሳው ግን ሚዶ፣ የኑግ ዘይት፣ የተቀቀለ ሳንባና የዘበኛ 15 ደቂቃ ነው። ደግሞም ፀጉሩ የተመለጠና የሚያሳክከው ውሻ ሌሊቱን የሚያድረው አጥሩን ሲጠብቅ ሳይሆን ራሱን ሲያክ ነው። ባለቤቱ ግን በሙሉ ይመግበዋል።

«የረገፈው ፀጉር ራሱ አይሸጥም ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ደላላ አለ። የደላላ ነገር! ጥያቄው ግን ታሪክ አለው። በሰሜን አሜሪካ የፓሲፊክ ጠረፍ ኮስት ሳሊሽ የተባሉት ሕዝቦች ለፀጉሩ ብለው የሚያረቡት ውሻ ነበራቸው፤ እየሸለቱም ብርድ ልብስ ይሸምኑበት ነበር። ያ ዝርያ ዛሬ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1859 የሞተ የአንዱ ውሻ ቆዳ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተቀምጧል። እኛ ዘንድ የመንዝ በግ ባናውን እየሰጠን ሳለ ከጀርመን ሸፐርድ ፀጉር ገበያ የሚጠብቅ ሰው ካፒታሉን ሌላ ላይ ቢያውለው ይበጀዋል።

ስለዚህ ሐሳቤ ከአንድ ገጽ መዝገብ አያልፍም። በሚቀጥለው የንብረት ቆጠራ ውሻው ይመዝገብ። ከስሙ ትይዩ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የተከተበበት ቀን፣ የትል መድኃኒት የወሰደበት ቀን፣ በየሳምንቱ የሚያበጥረው ሰው ስም። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሐኪሙ ይሞላቸዋል። ሦስተኛውን ባዶ የተወ ነጋዴ ግን ፀጉሩን ከጤፉ ውስጥ ደንበኛው እስኪለቅምለት መጠበቅ የለበትም።